የተለየው ሳህን

ሲግናል ሰፈር ከምሠራበት ክሊኒክ ፖሊሶች ሲወስዱኝ ጋውኔን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ወንጀሌ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኳት ሦስት መስመር ናት። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሽንት ባልዲ። ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች። መስኮት ተብዬው ከሁለት መዳፍ አይበልጥም።

ከሴቶቹ አንዷ ከእንጦጦ ግርጌ የመጡ፣ ሰባን ያለፉ እማማ ነበሩ። ልጃቸው ተፈልጎ ቢታጣ እሳቸውን አመጧቸው፤ “ልጅሽን አምጪና ትወጫለሽ” ብለው። ሳላቸውን እንደሰማሁ ጠረጠርኩ። ነርስ ነኝ። በሩን ደበደብኩ።

“አሮጊት ማሳል ልማዷ ነው፤ አንቺን ምን ያስጮህሻል?” አለኝ ጠባቂው።

ስምንት ቀን ጮህኩ። በስንት መከራ አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከዚያስ? ኪኒን ሰጥተው መልሰው እዚያው ከእኛው ጋር ቆለፉባቸው! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ አዋቂዋ ያጠፋሁት ያኔ ነው። መስኮቱ ሥር አስተኛኋቸው፤ እሱስ ልክ ነው። ሌሎቹ ግን ፈርተው “ሳህናቸውስ?” ሲሉኝ፣ በሽታው በትንፋሽ እንጂ በሳህን እንደማይተላለፍ እያወቅኩ፣ ጭቅጭቅ ሽሽት “ይለይላቸው” አልኩ።

በክፍላችን ልማድ ከየቤቱ የመጣው ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይፈስ ነበር። የእህቴ ሽሮ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል፤ ትሪው ላይ ከወጣ በኋላ ግን የማንም አይደለም። ለእማማ ስንቅ የሚያመጣላቸው ሰው አልነበረም፤ ትሪው ይህን ሸፍኖላቸው ኖሯል። እኔ ሳህን ለይቼ ገለጥኩባቸው።

ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ኪኒኑን በባዶ ሆዳቸው ይውጡትና ያስመልሳቸዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መዳን የሚችሉ ሰው ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነው።

“እማማ፣ በሞቴ አንዴ ይጉረሱ።”

“ምጽዋት በልቼ አላውቅም፣ ልጄ። እንጨት ተሸክሜ ነው ልጅ ያሳደግኩት።”

ተናደድኩ። በአሳሪዎቹ፣ በጠባቂው፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ያንን ሳህን አንስቼ ትሪው ላይ ገለበጥኩትና ትሪውን ይዤ መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

“ሁላችንም የምንተነፍሰው አንድ አየር ነው! የፈራ ጠባቂውን ጠርቶ ሌላ ክፍል ይጠይቅ!”

ከዚያ ስለ ሳህኑ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ሴትዮ ተነሳች።

“ኧረ ጠጋ በይ፣ ቦታውን ሁሉ ያዝሽው እኮ” አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሏት።

እማማ ቀስ ብለው ዞሩ፤ እጃቸውን ታጠቡ። ይበላሉ ብዬ ስጠብቅ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትኩ። እንግዳ እንዳስተናገደች ባለቤት ሁላችንንም አጉርሰው ሲያበቁ ራሳቸው በሉ። የዚያን ቀን ኪኒኑ ሆዳቸው ውስጥ አደረ።

እማማ ከወራት በኋላ ድነው በእግራቸው ከእስር ወጡ፤ እኔም ተፈታሁ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም፤ እኔንም ማንም አልጠየቀኝ።

ዛሬም አንድ አዛውንት እያሳሉ ክሊኒክ ሲመጡ፣ ሙቀት ከመለካቴ በፊት “ከማን ጋር ነው የሚበሉት?” እላለሁ። ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም። ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ።