ጫፍ የሌለው ገመድ

ሊበን ቢሌ በድሬዳዋ ከተማ ወደ ኋላ እየሄደ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነበር። ወደ ኋላ የሚሄዱ ሌሎች ሠራተኞች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ እነሱ ግን በየቢሮው ተቀምጠው ስለነበር አካሄዳቸው አይታይም። የሊበን በግልጽ ይታይ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካልመጣ አሸዋው የእሱ ነው። ሚስቱ ሃዎ በአንደኛው ዳር ተቀምጣ የእንጨት መንኮራኩሯን ታዞራለች፤ እሱ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በጣቶቹ እየመዘዘና እያከረረ፣ ፊቱን ወደ ሚስቱ፣ ጀርባውን ወደሚሄድበት አድርጎ ይርቃታል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ስለዚህ ጎረቤቱ የትዳራቸውን ምሥጢር የሚሰማው በገመዱ ርዝመት ልክ ነበር።

ቃጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሐርላ በኩል በአህያ ተጭኖ የሚመጣው፣ እጅ የሚልጠው ሻካራ ያገር ቃጫ ነው። ሁለተኛው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር ድሬዳዋ የሚገባው ለስላሳው ነው። የዚህኛውን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያስመጡት ነጋዴዎች ሕንዶች ስለሆኑ ከተማው «የሕንድ ቃጫ» አለው፤ ስሙም በዚሁ ጸና። ሊበን የሚኮራው በዚህኛው ነበር። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው ጸሐፊ ሣህሉ በሱቁ በር ላይ በሰማያዊ ቀለም «ሊበን ቢሌ፤ የሕንድ ቃጫ ገመድ» ብሎ ከጻፈለት ወዲህ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሊበን ጧት ጧት ጽሕፈቱን በጨርቅ ሳይወለውል ሥራ አይጀምርም።

ጭንቀቱ የመጣው በሃምሳዎቹ ዓመታት መገባደጃ ላይ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዓለም መንግሥታት ጋር ስለ አደንዛዥ ዕፅ ተስማምቶ ነበርና፣ ስሙን የማናነሣው አንድ መሥሪያ ቤት ነገሩን ለሕዝብ ለማስታወቅ ተነሣ። ሐሺሽ የሚወጣበት ተክል በፈረንጅ አፍ ሲጠራ «የሕንድ» የሚል ቅጽል አለው፤ ግንዱም ቃጫ ይወጣዋል። ትርጉሙ የተሰጠው ሰው እነዚህን ሁለቱን አጋባቸውና፣ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሁን ወረቀት አንሶት፣ ረጅሙን አንቀጽ በአንድ መስመር አሳጥሮ ላከው። ማስታወቂያው መጋላ ገበያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጧት ሣህሉ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አደላድሎ፣ ለተሰበሰበው ሰው ከነግርማው አነበበ፦

«የሕንድ ቃጫ ጫፍ መያዝ፣ መሸጥ ወይም መለወጥ በእስራት ያስቀጣል።»

የሰው ሁሉ አንገት አንድ ላይ ዞሮ የሊበንን በር ተመለከተ። ሰማያዊው ጽሕፈት ያን ጧት ከወትሮው ይበልጥ ተወልውሎ ነበር።

«ወሪያ ሊበን!» አለ ተሸካሚው ሙመድ። «በገመድህ የምንሸከመው ቡና መስሎን! ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ወንጀል በጀርባችን አስረህ ነው የምትሰደን!»

«አቦ ተወኝ!» አለ ሊበን፤ ነገር ግን ላብ አጥምቆት ነበር።

ገበያው ሲሳሳቅ ዋለ። ከሰዓት በኋላም እንደ ወጉ ጫቱን ይዞ ተቀመጠና፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክፋት በሰፊው ተወያየ። ሊበን ግን አብሯቸው አልተቀመጠም። ሄዶ የሣህሉን በር አንኳኳ።

«አንተ የጻፍክብኝን ጽሕፈት አንተው አጥፋልኝ» አለው።

ሣህሉ ለመኳንንትም ለተሸካሚም የሚያደርገውን መነጽር የማውለቅ ሥርዓት ፈጸመ። «ጽሕፈት ማጥፋት ጥፋተኝነትን ማመን ነው። ይልቅ ሕግ እንዴት እንደሚነበብ ልንገርህ። ሕግ የሚነበበው እንደ ቃሉ ነው። የሕንድ ቃጫ አላለም። የሕንድ ቃጫ ጫፍ ነው ያለው።»

«ጫፉ ምን አደረገ?»

«እሱን ሕግ አውጪው ያውቃል። ግን እስቲ አስበው፤ የገመድ መሐሉ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ሰውም ከብትም የሚታሰረው በጫፉ ነው።»

ሊበን ይህን ነገር ይዞ ቤቱ ገባ። ባሰበው ቁጥር እውነት እየመሰለው ሄደ። ቢታሰር ሃዎ ብቻዋን መንኮራኩር ብታዞር ገመድ አይወጣትም፤ አንድ ሰው መራቅ አለበት፤ እስር ቤት ደግሞ የሚራቅበት ቦታ አይደለም። ቢላዋውን አነሣና የአንዱን ገመድ ጫፍ ቆረጠ። ሌላ ጫፍ ብቅ አለ። እሱንም ቆረጠው። የተቆረጠው ቁራጭም በበኩሉ ሁለት ጫፍ ይዞ መሬት ላይ ተጋድሞ አየው።

«ሰውዬ፣ እስኪያልቅ ልትቆርጠው ነው?» አለች ሃዎ።

«ወንጀሉ እየተራባ ነው!»

ሃዎ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበለችው። «ጫፍ የሚጠሉ ከሆነ ጫፉን ከጫፉ አጋባው። መሐረቤን እንዴት ነው የምቋጥረው?»

ቋጠሮ ግን ጫፉን ያሳያል፤ ሊበን ደግሞ ባለሙያ ነው። የገመዱን ሁለት ጫፎች ፈታ፤ ጭራዎቹን እርስ በርስ እያጠላለፈ ጎነጎናቸው፤ በውኃ አርሶ በመዳፉ አሻቸው። መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ ቀለበት ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሱቁ ውስጥ ያለውን የሕንድ ቃጫ ገመድ ሁሉ እንደዚያው አደረገው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ያየ ሰው ሱቁ የግዙፍ ሴት ጌጣጌጥ የሚሸጥበት ይመስለው ነበር። ባለ ግመሎች መጥተው ጫፉን ፈለጉ፣ አጡ፣ ተሳድበው ሄዱ። ሊበን ስድቡን በደስታ ተቀበለ፤ ስድብ አያሳስርም።

በዚህ መሐል የመቶ አለቃ ሀብተ ማርያም መጣ። ከደጋ ተዛውሮ የመጣ፣ ሙቀቱን ገና ያልለመደ፣ ኮፍያውን ባወለቀ ቁጥር ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር የሚታይ የፖሊስ መኮንን ነው። በሩ ላይ ቆመና ሰማያዊውን ጽሕፈት ቀስ ብሎ አነበበ።

«የሕንድ ቃጫ የምትሸጠው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሊበን። «ግን ዋላሂ ጫፍ የለኝም!»

የመቶ አለቃው ለበቅሎው ማሰሪያ ሊገዛ ነበር የመጣው። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ግን ለፖሊስ እንደ ጥሪ ነው። ወደ ውስጥ ገባ። አንዱን ቀለበት አውርዶ በጣቶቹ መሐል አዞረው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ተመልሶ እዚያው መጣ።

«ጫፉ የታለ?»

«የለም።»

«ጫፍ የሌለው ገመድ አለ? የት አደረግኸው?»

ሊበን መዋሸት አይችልም ነበር። «ውስጥ ደብቄዋለሁ» አለ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጣቢያ መሄድ ብቻ ነበር የቀረው። ሊበን ቀለበቶቹን በሁለት ትከሻው አንጠልጥሎ በመጋላ መሐል ሲያልፍ ማንም አልሳቀም፤ ሙመድ እንኳ ሸክሙን አውርዶ ዝም ብሎ አየው። ያ ዝምታ ሊበንን ከመኮንኑ የበለጠ አስፈራው። ሃዎ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደሚሄድበት፣ ጀርባውን ወደ እሷ አድርጎ ሄደ።

ጣቢያው ውስጥ የመቶ አለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። «ለምን ደበቅኸው?»

«አንተ ከልክለህ የለ!»

ጥግ የቆመው የጣቢያው ጸሐፊ ደነገጠ። «እርስዎ በል!» ብሎ አንሾካሾከ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው ሊበን ግን ይህን ቃል ሲሉት ሰምቶ እንጂ ተጠቅሞበት አያውቅም።

«እርስዎ ከልክለህ የለ!» አለ።

የመቶ አለቃው ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር አፈነ። ከመሳቢያው ሙሉውን ሕግ አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የተከለከለው የተክሉ አበባ ወይም ፍሬ ያዘለ፣ ሙጫው ገና ያልወጣለት ጫፍ ነው፤ ለቃጫው ወይም ለዘሩ ብቻ የሚዘራውን ተክል ሕጉ አይመለከተውም። ሲጨርስ ቀለበቱን አንሥቶ አሸተተ። ገመድ ገመድ ሸተተው።

«ይኸ ያብባል?»

«ምኑ?»

«ገመዱ።»

«እኔ ጋ አላበበም» አለ ሊበን፤ ነገሩ አዲስ ክስ መስሎት።

«እንግዲያው ሕጉ አንተን አይልም። ሐሺሽን ነው የሚለው። ሂድ ወደ ቤትህ።»

ሊበን አልተንቀሳቀሰም። ያን ሁሉ ሲነበብለት የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ጫፍ የሚለው ቃል ከረጅሙ ሕግ ውስጥም አልጠፋም። ሃዎ በሩ ላይ ሆና በዓይኗ ትጠራዋለች።

«ቆይ» አለ የመቶ አለቃው። «በቅሎዬ ማሰሪያ ትፈልጋለች። አንዱን ቁረጥልኝ።»

«ሲቆረጥ ጫፍ ያወጣል» አለ ሊበን በለሆሳስ።

«እኮ! ያለ ጫፍ በምን ላስራት?»

ሊበን ቢላዋውን ከወገቡ አወጣ። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ፣ በሙሉው ሕግ አጠገብ አጋደመው፤ ቢላዋውን አዞረና እጀታውን ወደ መኮንኑ ዘረጋ።

«እርስዎ ቁረጠው።»

የመቶ አለቃ ሀብተ ማርያም አየው፤ ጸሐፊውንም አየው። ከዚያም ቢላዋውን ተቀብሎ በአንድ ምት ቆረጠው። ሁለት ጫፎች ጠረጴዛው ላይ ተከፈቱ። ሊበን ጥቂት ጠበቀ፤ ማንም አልተነሣበትም።

«አየህ አይደል፣ ጸሐፊ?» አለ ሊበን። «የቆረጠው እሱ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሃዎ መንኮራኩሯን፣ ሊበን ወደ ኋላ መሄዱን ቀጠሉ። የሕንድ ቃጫ ገመድ የሚገዛ ሁሉ ግን ቀለበት ይሰጠውና ቢላዋ ይዘረጋለታል፤ የሚቆርጠው ገዢው ራሱ ነው። ምክንያቱን የማያውቁ የሩቅ አገር ነጋዴዎች ይህን የድሬዳዋ የገበያ ወግ ነው ብለው ያከብሩት ነበር።