የመጨረሻዎቹ አምስት ሳንቲሜትሮች

በሰፈሩ "ሜትሩ" ይሉታል። የመለኪያ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ተረበኞች፣ ብርድ ልብሱንም ለክቶ ነው የሚለብሰው ይላሉ። አናጢ ነው። ወንበርና መስኮት ይሠራል፤ ልቡ ያለው ግን ለቀስት ክበቡ በሚሠራቸው የእንጨት ቀስቶች ላይ ነው። የሚገርመው እሱ ራሱ ቀስት ስቦ አያውቅም። በልጅነቱ ወድቆ የተሰበረው ትከሻው በወጉ አልገጠመም። ስለዚህ ቀስቱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ አውታሩን በሚዛን መንጠቆ ይስባል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ለእሱ ቀስት ማለት ያ ቁጥር ነው።

የምትስብለት ታላቅ እህቱ ነበረች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ "እታለም" ይላታል። እታለም ሃያ ዓመት በክበቡ ስታሠለጥን ከእጇ ያልለየችው እሱ የሠራላትን አንድ ቀስት ነው፤ ቁመቱ መቶ ሰባ ሳንቲሜትር፣ እስከ አገጯ ስትስበው አሥራ ስድስት ኪሎ።

ከሦስት ዓመት በፊት የቀስቱ ጫፍ ተሰነጠቀ። ሜትሩ የለመደችውን ላድንላት ብሎ ሁለቱንም ጫፍ አራት አራት ጣት ቆረጠው። ቀስት ሲያጥር እንደሚከብድ ያውቃል፤ ስለዚህ እንጨቱን በመላጊያ እያሳሳ አሥራ ስድስት ኪሎ ላይ መለሰው። ቅንጣት አላጓደለም።

እታለም በሳምንቱ ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። እስከ መሃል ደህና እንደሚሳብላት፣ አገጯ ጋ ሊደርስ ሲል ግን ግድግዳ እንደሚሆንባት፣ አውታሩም ጣቶቿን ጨምቆ እንደሚቆነጥጣት ነገረችው። ምናልባት ማጠሩ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች። ሜትሩ ቀስቱን ሰቅሎ ሳበውና ሚዛኑን አሳያት።

"አንቺው እዪው። ቀስቱ ያው ነው፤ ዕድሜ ነው እታለም።"

አመነችው። ሜትሩ ለካ ከተባለ ማን ይከራከራል? አንድ ዓመት ታገለች። ፍላጻዎቿ ከዒላማው በታች መውደቅ ጀመሩ፤ ተማሪዎቿ አላየንም ለማለት ፊታቸውን ያዞሩላት ነበር። በመጨረሻ ቀስቱንና የልምምድ ሜዳውን ቁልፍ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ እንኳ ሜዳውን ላለማየት በጓሮ በር ወጥታ ትዞራለች።

ባለፈው ወር የክበቡ ጸሐፊ የእያንዳንዱን ቀስት መረጃ በአዲስ ቅጽ እንዲሞላ ጠየቀው። የእታለም ቀስት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። ሜትሩ ከመሳቢያው የቀስቱን የመጀመሪያ ወረቀት አወጣ። ያኔ ሚዛኑ አዲስ ስለነበር፣ ደስ ብሎት በየአምስት ሳንቲሜትሩ ያለውን ክብደት ጽፏል፤ ኋላ ግን የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ነበር የሚጽፈው። አዲሱ ቅጽም በየአምስት ሳንቲሜትሩ ቦታ ነበረው፤ ባዶ መተው ስለማይወድ እንደ ድሮው በየአምስቱ ለካ።

አውታሩ ሰባ ሳንቲሜትር ሲሳብ፣ ማለትም እታለም አገጭ ጋ ሲደርስ፣ የድሮውም የአሁኑም ልክ አሥራ ስድስት ኪሎ ነው። በድሮው ወረቀት ግን የመጨረሻዎቹ አምስት ሳንቲሜትሮች የጨመሩት አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። አሁን የጨመሩት ሦስት ኪሎ።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ደገመው። ሠለሰው። ከዚያ ቀና ብሎ የተሳበውን አውታር አየ፤ መንጠቆው ላይ እንደ ወፍ አፍ ሹል ሆኖ ታጥፏል። የእህቱ ጣቶች የነበሩት እዚያ ሹል ውስጥ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂው መሃል ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ግድግዳ ያለችው ግድግዳ ነበር።

ሽርጡን ሳያወልቅ ቤቷ ሄደ። የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አገኛት። በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ የከዳት ክንዷ ሳይሆን ያሳጠረው እንጨት እንደሆነ። አንሶላው በግማሽ እንደታጠፈ እጇ ላይ ቀረ።

"ሦስት ኪሎ?"

"ሦስት ኪሎ፣ እታለም።"

"እኔ እኮ ይቺን ክንዴን ስረግማት ነው የኖርኩት።"

ትጮኽብኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም፤ እንደማታውቀው ሰው አየችው። ከዚያ አንሶላውን አስቀምጣ ግራ እጇን፣ ቀስት እንደያዘ ሰው፣ ወደ ጎን ዘረጋች።

"በል ለካ። ረጅም አድርገህ ነው የምትሠራልኝ።"

የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከደረቷ እስከ ጣቷ ዘረጋው። ቁጥሮቹ ግን ተደበላለቁበት። አይታየኝም አላት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበችለት፤ እንዳይሳሳት፣ ሁለት ጊዜ።