የመረቅነው ቀይ ቀለም

ዛሬ ጠዋት ጎባ፣ እኛ ሰፈር ያለው ትልቁ ጽድ ተቆረጠ።

እዚያ ጽድ ሥር ስንቱ ተጣልቶ ታርቋል። እኔና ባለቤቴንም ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር አስይዘው ያስታረቁን እዚያው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሠራተኛ መጥቶ ግንዱን ቀይ ቀለም ቀባው። እኛ ሞኞቹ «ተመዘገበ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም» ብለን ደስ አለን!

የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ገመዳ ሣር ይዘው ሰውየውን መረቁት። እኔ እርጎ አጠጣሁት። እኛ ዘንድ እንግዳ አፉን ሳያሟሽ ለምን መጣህ አይባልም። ካሟሸ በኋላ ደግሞ መጠየቁን ረሳነው።

ለካ ቀለሙ በሰፈራችን ለሚያልፈው አዲስ መንገድ ሲባል የሚቆረጥ ዛፍ ምልክት ነበር።

ዛሬ አባ ገመዳ ጉቶው አጠገብ ቁጭ ብለው ቀሩ። «አባ፣ ብርድ ነው፣ ይነሱ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የመረቁት ምርቃት መልሶ ይነሳል?» አሉኝ።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ዛፍ አለ? ዛሬውኑ ፎቶ አንሱትና እዚህ ለጥፉልኝ። እኔ የኛን አንድም ቀን አላነሳሁትም፤ የት ይሄዳል ብዬ።