ከበሩ በላይ ያለው ቃል

ሙጋ ፊደል የቆጠረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያውም ቻይንኛ። የራሳችን ቋንቋ ላለን ለእኛ ለተራራ ኖሱዎች ቻይንኛ የከተማ ሰው ቋንቋ ነው። መንደር ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት አስተማሪዋ የገዛ ልጁ ኒዩኒዩ ሆነች። እሱ ኋላ ወንበር ላይ ካባውን ተከናንቦ፣ እንዳትጠራው አንገቱን ቀብሮ ይቀመጣል።

"የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ አትደንግጥ፤ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ የላዩን ምልክት እይ፤ ከምን ወገን እንደሆነ ይነግርሃል" ትለዋለች። "ካልገባህ ጎረቤቶቹን ጠይቅ። ቃል እንደ ሰው ነው፤ ውሎው ያሳብቅበታል።"

ድንቹ በተለቀመ ሰሞን ሆዱን ያዘው። ምግብ አልወርድ አለው። ኒዩኒዩ ከተማ አውርዳ ሆስፒታል አስተኛችው።

"ጨጓራ ነው አባዬ። ታክመህ እንመለሳለን።"

ከክፍሉ በር በላይ የማያውቀው ቃል ተጽፏል። ጣሪያው የበሽታ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ምልክት ግን ያውቃታል፤ ወላጆቻቸው ፋብሪካ ሄደው መንደር ስለቀሩት ልጆች በተለጠፈው ወረቀት ላይ አይቷታል። መቅረት። የሚቀር በሽታ? ተሳስቼ ይሆናል አለ ለራሱ። እኔ ደግሞ ምን አውቄ።

ጎረቤቶቹን አየ። አንዱም ራስ ላይ ፀጉር የለም። ጠያቂዎቹ አልጋው ዘንድ ይስቃሉ፤ ኮሪደር ወጥተው ያለቅሳሉ።

"እዚህ ቤት ፀጉር አስተካካይ በረሃብ ነው የሚሞተው" አለ አጠገቡ የተኛው ሹዎጉ፣ መላጣውን እየዳበሰ። እሱም ኖሱ ነው። "አንተ ፊደል ቆጣሪ፣ በሩ ምን ይላል?"

"ሆድ... ሆድ ይላል" አለ ሙጋ።

"ልጆቼም ሆድህን ነው ያሉኝ። እንኳን አልዋሹኝ!"

ሙጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ካህናችን ቢሞው ወደ አያቶች የሚወስደውን መንገድ ለነፍስ የሚያዜምላት ከሟቹ ምድጃ ተነስቶ ነው። እዚህ የወጣች ነፍስ ከየት ትጀምራለች?

ጠዋት ኒዩኒዩ ሾርባ ይዛ መጣች።

"ቤት ውሰጂኝ።"

"አባዬ ደግሞ! ሕክምናው ገና ሰኞ ነው የሚጀመረው። ለጨጓራ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"ጎረቤቶቹን ጠየቅኳቸው" አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀና ብላ በሩን አየች። ክፍል ውስጥ ገምቶ ሲያገኝ "ጎበዝ" ትለው ነበር። አሁን ግን ሾርባውን አስቀምጣ ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

"ዳንክ እንዴ?" አለ ሹዎጉ ካልጋው። "ምቀኛ! ቆይ፣ እኔም እከተልሃለሁ።"

"ና... ና እንጂ" አለው ሙጋ። ከዚያም፣ እንደ ክፍሉ ጊዜ አንገቱን ቀብሮ፣ በዚያ ቃል ሥር አለፈ።