ጋሽ ቀልቤሳ ለማንም ያልነገሯት ማጥፊያ

ይቺን ታሪክ ካላወራኋችሁ ሆዴ ውስጥ አታድርም። የመኪና ነገር ናት፤ መኪና የማታውቁም ብትሆኑ ግን አትሽሹ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራችሁ። ከባለ መኪናውም ከኤሌክትሪሺያኗም ጠይቄ ሰምቻለሁ፣ ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ባለ መኪናው ጋሽ ቀልቤሳ ናቸው። የወንጂ ልጅ ናቸው፣ አባታቸው ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። በመተሐራ መስመር ረዳት ሆነው ጀመሩ፣ ከዚያ ሹፌር፣ ስንት ዓመት የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው በስተመጨረሻ የራሳቸውን ዶልፊን ሚኒባስ ገዙ። ነጭ፣ የቤንዚን። በሷ ነው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩትን የልብስ ስፌት ልጆች ጠዋት የሚያስገቡት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የሚያወጡት። ቤታቸው የሚኖረው በዚች ሰርቪስ ነው።

ጋሽ ቀልቤሳ ሰው አያምኑም። በቃ አያምኑም። ድሮ ሻሸመኔ አንድ ጋራዥ መኪና አስገብተው፣ ምሳ በልተው ሲመለሱ፣ የአንድ ወር ባትሪያቸው በሞተ ባትሪ ተቀይሮ ጠበቃቸው። ማስረጃ የለ፣ ምን ይበሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዥ የሚሄዱት ምሳቸውን ቋጥረው ነው፤ በርጩማ ስበው መኪናዋ አጠገብ ቁጭ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። ለዕቃዎቹም ምልክት አላቸው፤ የልጃቸውን የሉሊትን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉባቸዋል። የነዳጅ ፓምፑ ላይ አለ፣ የፓምፑ ሪሌ ላይ አለ፣ ባትሪውማ ኩፍኝ የወጣበት ነው የሚመስለው።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ዶልፊኗ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ቀጥ አለች። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። በገመድ አስጎትተው እዚያው ቅርብ ካለው የሱሩር ጋራዥ ገቡ። ሱሩር እኩያቸው ነው፣ ከድሮ ይተዋወቃሉ።

"አካም ቀልቤ፣ ምሳህን ይዘሃል?" አለ ሱሩር ገና ከበሩ።

"ይዣለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።"

"እኔ የሞተር ሰው ነኝ፣ ይሄ የሽቦ ነገር ይመስላል። ሃፍሳ ትየው።"

ሃፍሳ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ናት። ወጣት፣ ቱታ በሂጃብ፣ ጫፏ ሹል የሆነች አምፖል ያላት መሞከሪያ ከእጇ አትለይም። ፈገግ ብላ መጣች። ፈገግ የሚል መካኒክ ደግሞ ጋሽ ቀልቤሳ አይወዱም።

"ጋሼ፣ ቁልፉን አንዴ ብቻ ያዙሩልኝ። ሞተሩን አያስነሱ።"

አዞሩ። እሷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ነዳጅ ታንኩ አስጠጋች። ደህና ፓምፕ ቁልፍ ሲዞር ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ይላል፣ ቤንዚን እየገፋ ነው። ይሄኛው ጭጭ።

"ፓምፑ ዝም ብሏል" አለች።

ጋሽ ቀልቤሳ በሆዳቸው "ይኸው መጣች" አሉ። አሁን ፓምፑ ሞቷል ትላለች፣ ይወጣል፣ የቻይና ይገባል፣ የሳቸው ኦሪጅናል ደግሞ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ይገኛል።

"ፓምፕ አላስወጣም" አሏት።

"ማን ይውጣ አለ? ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ ጭንቅላቱ አይከፈትም እኮ ጋሼ። ፊውዝ እንይ።"

ፊውዟን ነቅላ ወደ ፀሐይ ያዘቻት። ጋሽ ቀልቤሳ ተቀብለው ራሳቸው አዩ። ውስጧ ያለችው ቀጭን ሽቦ አልተበጠሰችም።

እዚህ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ሸዋወርቅ ናት፣ የሰርቪሶቹን ውል የምትቆጣጠረው። "ጋሽ ቀልቤሳ፣ ቆመው አየንዎት አሉኝ። ዛሬ እንዳይቀሩ። አንዴ በጎማ፣ አንዴ በለቅሶ ቀርተዋል። ሦስተኛ ከሆነ ከእጄ ይወጣል፣ መስመሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ብዙ የሚጠብቅ አለ።"

"አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ነኝ" አሏት። ቤተሰብ የሚያድርበትን ነገር ነው በአፍ ቃል ያስያዙት።

ዞር ሲሉ ግን ምን ያያሉ፤ በፓምፑ ሪሌ ቦታ ላይ ያለችው ሪሌ ቀይ ነጥብ የላትም። ያቺ የክብሪት ሣጥን የምታክል ጥቁር ዕቃ፣ ኤሌክትሪኩን ለፓምፑ የምትለቀው፣ ተቀይራለች።

"ሪሌዬ የታለች?"

"የትኛዋ?"

"ቀይ ያላት። አሁን እዚህ ነበረች። ማንም ከዚህ ግቢ አይወጣም።"

ሱሩር ከወዲያ ብቅ አለ። "በሩን ልቆልፍልህ ቀልቤ፣ ወይስ እጃችንን እናንሳ?"

ሃፍሳ አልተቆጣችም። "ጋሼ፣ ክላክስ ይምቱ።"

"ክላክስን ምን አመጣው?"

"ይምቱት ብቻ።"

መቱት። ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየ።

"ያስጮኸችው የእርስዎ ሪሌ ናት። የክላክሱና የፓምፑ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስልክ ሲያወሩ ቦታ አቀያየርኳቸው። የእርስዎ ክላክስ ካስጮኸች ደህና ናት። የክላክሱ ደግሞ ፓምፑ ቦታ ገብታም ቁልፍ ሳዞር ፓምፑ ዝም ነው። ስለዚህ ሪሌ አይደለም።"

ጎንበስ ብለው አዩ። ቀይዋ ነጥብ ክላክሱ ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። "ወደ ቦታዋ መልሺያት" አሉ።

መለሰቻት። ቀጥላ የፓምፑን ሶኬት ነቅላ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ዘርግታ ቀጥታ ነካችው። እዝዝዝ። ፓምፑ እንደ ንብ ጮኸ።

ሃፍሳ ተነሥታ እጇን ጠረገች። "ፊውዙ ደህና፣ ሪሌዋ ደህና፣ ፓምፑም ይሄው። ከሪሌዋ ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ ፓምፑ ጋ ግን አይደርስም። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ተቆርጧል።" ከዚያ ትክ ብላ አየቻቸው። "ጋሼ፣ ይቺ መኪና ድብቅ ማጥፊያ አላት?"

"የላትም" አሉ ጋሽ ቀልቤሳ።

አላት። ለሌባ ብለው ነው ያስገቡት፤ ማጥፊያዋ ከተጫነች ቁልፍ ያለውም ሰው ቢሆን መኪናዋን አያስነሳትም፣ ፓምፑ ኤሌክትሪክ አያገኝማ። አዳማ ያለ ኤሌክትሪሺያን እንዳያውቅ ብለው ሞጆ ድረስ ሄደው፣ ስማቸውን እንኳ ቀይረው ተናግረው ነው ያሠሯት። ሚስታቸው እትዬ አየለችም አያውቁም። ለሃፍሳ ቢነግሯትማ መኪናዋን በእጇ ሰጧት ማለት ነው። ደግሞ ማጥፊያዋ ምን ሆነች? ከረፋድ ጀምሮ የጫማ ክር የሚያስሩ እየመሰሉ አራት ጊዜ ሞክረዋታል። ቀጭ ትላለች። ቀጭ ካለች ትሠራለች።

"ከሌላት እንግዲህ" አለች ሃፍሳ፣ "ወንበር መፍታት፣ ምንጣፍ ማንሳት፣ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ነው። ለነገ ነው የሚደርሰው።"

"ለነገ?"

"ካልነገሩኝ ለነገ።"

ካልነገሩኝ። ይቺን ቃል ጋሽ ቀልቤሳ አልወደዷትም። ታውቃለች ማለት ነው? ከሞጆው ሰውዬ ጋር ይተዋወቁ ይሆን? በርጩማቸው ላይ ተመለሱ፣ ሳህናቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሃፍሳ የመጀመሪያውን ወንበር ፈታች። ዘጠኝ ተኩል። ሁለተኛውን ጀመረች፤ ማጥፊያዋ ያለችበትን ቦታ አልፋ ሄደች፣ ትንሽ እንኳ አልጠረጠረችም። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ደስታው ጠፋ።

"ሱሩር" አሉ፣ "እስቲ ውሃ ግዛልኝ።"

"ውሃ ሞልቷል እዚህ።"

"የታሸገ።"

ሱሩር አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሃፍሳን አየና ሳቁን ውጦ ወጣ።

ጋሽ ቀልቤሳ ተጠጉ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የጃዕፈር። ገበያው ጋ እህል የሚሸጠው።"

"መታወቂያ አለሽ?"

ሃፍሳ መታወቂያዋን አወጣች። ፊትና ጀርባውን በስልካቸው ፎቶ አነሡት።

"ፎቶዋ ላይ አላማረብኝም፣ ለሰው እንዳያሳዩብኝ" አለች።

ከዚያ ጎንበስ ብለው አሳዩዋት። የት እንደሆነ እኔም አልነግራችሁም፣ ምዬላቸዋለሁ።

ሃፍሳ በመሞከሪያዋ አንዱን ጫፍ ነካች፣ አምፖሏ በራች። ሌላውን ነካች፣ አልበራችም። ፈታ አወጣቻት። ማጥፊያዋ ከውጭ ደህና ናት፣ ውስጧ ግን ቀልጧል፤ ሽቦዋም ከሰል ሆኗል።

"ቀጭ ትላለች እኮ" አሉ ጋሽ ቀልቤሳ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ቀጭ የሚለው ፕላስቲኩ ነው። የሠራልዎት ሰው የፓምፕ ኃይል በስልክ ቻርጀር ሽቦ ነው ያሳለፈው። እስከዛሬ መቆየቷም ደግ ነው።" የቀለጠችውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ "ጠዋት ቢነግሩኝ በአምስት ደቂቃ እንጨርስ ነበር" አለች።

ሽቦውን ቆርጣ፣ በወፍራም ሽቦ ቀጥታ አገናኘችው። ቁልፍ ዞረ፣ እዝዝ አለ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሁለቱን ወንበሮች ለመመለስ ሱሩርም ውሃውን ጥሎ አገዘ። አሥራ አንድ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ቀልቤሳ የፓርኩ በር ላይ ነበሩ። ሸዋወርቅ ከሩቅ አይታ እጇን አነሳች፣ መስመሩ የሳቸው ሆኖ ቀረ።

በነጋታው ግን ተመልሰው መጡ። አዲስ ማጥፊያ፣ በወፍራም ሽቦ፣ ሌላ ቦታ ላይ። ሃፍሳ ሠርታ ስትጨርስ ጋሽ ቀልቤሳ ቆመው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

"አሁን ይሄን የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። መኪናዬ ብትጠፋ የት እንደምመጣ አውቃለሁ።"

"ብትቆምብዎትም የት እንደሚመጡ ያውቃሉ" አለቻቸው፣ ሂጃቧን እያስተካከለች።

እስቲ ደግሞ እናንተ ንገሩኝ፤ መካኒኩን ስትጠረጥሩ ውላችሁ ጥፋቱ ራሳችሁ ጋ የተገኘበት ቀን አለ?