ከጉንጬ የወጣው አረንጓዴ

ትናንት ጅጅጋ ውስጥ ባጃጅ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችው ጫት ሸተተኝ። ሽታው በደርግ ጊዜ ወደተማርኩበት ዘጠነኛ ክፍል ይዞኝ ሄደ።

የባዮሎጂ መምህራችን ጋሽ ታደሰ ከወሎ ተመድበው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር የሚያመጡት። የዚያን ቀን ስለ አንድ ጀርመናዊ ሳይንቲስት አስተማሩን።

"ይህ ሰው፣ እንስሳም ዕፅዋትም የተሠሩት ከሕዋስ ነው ብሎ ተነሣ" አሉን። ከዚያ የሰው ሕዋስ ሊያሳዩን እኔን ጠሩና የጉንጬን ውስጥ በስንጥር ፋቅ ፋቅ አድርገው መስታወቱ ላይ ቀቡት። አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩ።

"ልጄ፣ ጠዋት ምን በላሽ?"

"ዳቦ" አልኳቸው።

ቀጥሎ ተራው የደረሰው አብዲ ዓይኑን ደቀነና አረንጓዴውን ፍርፋሪ ሲያይ በሶማሊኛም በአማርኛም "ዋ ጃድ! ጫት ነው!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሌሊቱን ለፈተና ሳጠና እንቅልፍ እንዳይጥለኝ የቃምኩት ነበር። ሴት ልጅ ሆኜ፣ ያውም በዚያ ዕድሜ! በሹራቤ እጅጌ አፌን ሸፍኜ ቀረሁ።

ጋሽ ታደሰ መስታወቱን በመሐረባቸው ጠረጉ።

"ምን ያስቃል? ጀርመናዊው ያለውን ሁለቱንም ባንዴ አሳየችን" አሉ ለክፍሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ግን "አባትሽ ይህን ከእኔ አይሰማም። አንቺ ግን ስሚ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን ዛሬም፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ ሐኪም "አፍሽን ክፈቺ" ሲለኝ መጀመሪያ በእጄ እከድነዋለሁ።