ከአጥር ማዶ ያለችው ሴት

ክረምቱ እንደወጣ፣ ሱሉልታ ላይ ከጠጅቱ አጥር ማዶ ቤት የተከራየችው ሴት ጓሮዋን መቆፈር ጀመረች። እጅጌው የተጠቀለለ የወንድ ኮት ለብሳ፣ ሲባጎ ወጥራ፣ ጓሉን በእጇ እያደቀቀች ለጎመንና ለሰላጣ መደብ ታወጣለች። ስሟን የሚያውቅ የለም። ማንም አይጠይቃትም፤ እሷም የማንንም ደጅ አትረግጥም።

ጠጅቱን ያንገበገባት የገዛ ባሏ ዲሪርሳ ነው። ለሚስቱ ጓሮ አንድ አካፋ ፍግ ያላቀበለ ሰው፣ "መደብ ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ለዚያች ሴት በጆንያ ይሸከማል።

አንድ ጠዋት ጠጅቱ ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመች።

"ስሚ እንጂ፣ አንቺ ባል የለሽም?"

ሴትዮዋ ቀና አለች። "አካም ቡልቴ፣ እህቴ" ብላ በመጀመሪያ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለቻት። ቀጥላም እጇን ኮቱ ላይ እየጠረገች፣ "ነበረኝ" አለች። "አንቺና ባልሽ ስትጨቃጨቁ እሰማችኋለሁ። ምነው ባላቆማችሁ እላለሁ። እናንተ ዝም ስትሉ ቤቱ ይሰፋብኛል።"

ጠጅቱ ያሰበችው ስድብ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ቅናቷ ግን አልወጣላትም። "ሰላጣውን አታቀራርቢው፣ ይታፈናል" ብላት ወደ ቤቷ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

"አንተ ዲሪርሳ!" ብላ ጮኸች፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ። "ተነስ! የኔንስ ጓሮ ማን ይቆፍርልኝ?"